የቶርፔዶ ነዳጅ፣ የጫካ ጭማቂና የጠፉ ዓይኖች፦ የዘመቱ ወታደሮች የሚጠጣ አልኮል ከየት ያገኙ ነበር?

ጥያቄ፦ «ስለ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሳነብ አሜሪካውያን መርከበኞች የቶርፔዶ ነዳጅ ይጠጡ እንደነበር አየሁ። በዳቦ ያጣሩት ነበር ይላል። እውነት ነው? ከአገራቸው ርቀው የዘመቱ ወታደሮች የሚጠጣ አልኮል ከየት ነበር የሚያገኙት? ደግሞ ከአንድ ጀሪካን ከጠጡት ሰዎች አንዱ ዓይኑ ሲጠፋ ሌላው ምንም የማይሆነው ለምንድን ነው?»

መልስ፦

አዎ፣ እውነት ነው። ቶርፔዶ በውኃ ውስጥ ተጉዞ መርከብ የሚመታ መሣሪያ ነው፤ ነዳጁ ተጠጥቷል። ዳቦውም እውነት ነው። እኔ የመርዝ ሕክምና ባለሙያ ነኝ። የወታደር ሕክምና ታሪክ ደግሞ ለዓመታት ስከታተለው የኖርኩት ነገር ነው። ስለዚህ ከታሪኩም ከሕክምናውም እያነሳሁ እመልስልዎታለሁ። ከሦስቱ ጥያቄዎችዎ ትልቁ የመጨረሻው ነው። እሱን ለመረዳት ግን መጀመሪያ የነዳጁ ነገር ግልጽ መሆን አለበት። ዓመቶቹን በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

በአሜሪካ የጦር መርከቦች ላይ መጠጥ ክልክል ነበር። ተራ መርከበኞች በየቀኑ ይሰጣቸው የነበረው የአረቄ ድርሻ የቀረው በ1862 ነው። መኮንኖች ግን ከዚያም በኋላ የራሳቸውን ወይን በመርከብ ላይ ይይዙ ነበር። በ1914 የባሕር ኃይል ሚኒስትሩ ጆሲፈስ ዳንየልስ ቁጥር 99 የሚባለውን ትእዛዝ አወጡ። ከዚያ ዓመት ጁላይ 1 ጀምሮ የመኮንኖቹም ወይን ከመርከብ ወረደ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የዘመተው መርከበኛ እንግዲህ ወራት ሙሉ ባሕር ላይ ቆይቶ አንዲት ብርጭቆ ቢራ እንኳ በሕጋዊ መንገድ አያገኝም።

ነገር ግን በዚያው መርከብ ውስጥ በበርሜል የተቀመጠ አልኮል ነበር። የአሜሪካ ሰርጓጅ መርከቦች ዋና መሣሪያ የነበረው ማርክ 14 ቶርፔዶ የሚንቀሳቀሰው በአልኮል ነው። አልኮሉ ከታመቀ አየር ጋር ይቃጠላል። እሳቱ ላይ ውኃ ይረጫል። የሚፈጠረው እንፋሎት ተርባይኑን ያሽከረክረዋል። ነዳጁ 90 በመቶ ያህል አልኮል ነበር። አብዛኛው ደግሞ ኤታኖል ነው፤ ማለትም በቢራና በውስኪ ውስጥ ያለው ያው አልኮል። መርከበኞቹ ከአናናስ ወይም ከሌላ ጭማቂ ጋር ይበርዙትና «የቶርፔዶ ጭማቂ» እያሉ ይጠጡታል።

አለቆቹ ይህን ሲያውቁ ነዳጁ እንዳይጠጣ ሌላ ነገር ይጨመርበት ጀመር። ችግሩ ሁሉ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ከተጨመሩት ውስጥ ሦስቱን ልጥቀስ። አንዱ ሮዝ ቀለም ነው። ቀለሙ ራሱ «ይህ መጠጥ አይደለም» የሚል ማስጠንቀቂያ ነው። መርከበኞቹ ግን «ፒንክ ሌዲ» የሚል የኮክቴል ስም አወጡለት። ሁለተኛው የክሮቶን ዘይት ነው። ይህ እጅግ ኃይለኛ የሆነ፣ ሆድ ቆርጦ የሚያስቀምጥ ዘይት ነው። ሦስተኛው ሜታኖል ነው። ዓይን የሚያጠፋው እሱ ነው።

አሁን ወደ ዳቦው እንሂድ። መርከበኞቹ የዳቦውን ጫፍ ቆርጠው ነዳጁን በመሃሉ ያንጠባጥቡት ነበር። ዳቦው ቀለሙን የተወሰነ ያህል ይይዘዋል። ከታች የሚወርደው ፈሳሽ ፈዘዝ ይላል። የሚያየው ሰው «ተጣራ» ይላል። ሜታኖል ግን ቀለም የለውም። ከኤታኖልና ከውኃ ጋር ሙሉ በሙሉ ይዋሃዳል። በዳቦ ውስጥ ሲገባም ሲወጣም ያው ነው። ዳቦው ማስጠንቀቂያውን አስቀርቶ መርዙን ያሳልፋል። ስለዚህ ከማጣራቱ በፊት የነበረው ፈሳሽ ይሻል ነበር ብል ማጋነን አይደለም። ቢያንስ ቀለሙ ያስፈራ ነበር።

ሌላው ዘዴ በእንፋሎት ማውጣት ነበር። ከመርከቡ ኩሽና ዕቃና ከመዳብ ቱቦ ትንሽ ማውጫ ይሠራሉ። ነዳጁን ያሞቁታል። እንፋሎቱን አቀዝቅዘው ይሰበስቡታል። ይህ ዘዴ በክሮቶን ዘይቱ ላይ በትክክል ይሠራል። ዘይቱ በዚያ ሙቀት አይተንም፤ ከድስቱ ሥር ይቀራል። ቀለሙም እንደዚያው። ሜታኖል ግን በ64.7 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይፈላል። ኤታኖል በ78.4 ዲግሪ ነው። «ታዲያ ሜታኖሉ ቀድሞ ይወጣላ፤ የመጀመሪያውን ደፍቶ የቀረውን መጠጣት ነው» የሚል ሰው ብዙ ነው። ዛሬም በኢንተርኔት ላይ አየዋለሁ። ስህተት ነው፤ አደገኛ ስህተት። ሁለቱ ሲደባለቁ ተለያይተው ተራ በተራ አይወጡም። በቀላል ማውጫ ውስጥ ሜታኖሉ ከመጀመሪያው ጠብታ እስከ መጨረሻው ከኤታኖሉ ጋር እየተከፋፈለ ይወጣል። ለመለየት ረጅም የፋብሪካ ማማ ያስፈልጋል። በመርከብ ውስጥ ተደብቆ የተሠራ ቱቦ ያንን ሊያደርግ አይችልም።

እና እዚህ ላይ አንድ የሚያሳዝን ነገር አለ። በክሮቶን ዘይት የተበከለውን ነዳጅ በእንፋሎት አውጥቶ የጠጣ መርከበኛ ምንም አልሆነም። ዘዴው እንደሚሠራ በዓይኑ አየ። ለጓደኛውም አስተማረ። በሌላ ጊዜ ሜታኖል ያለበት በርሜል ሲያገኙ ያንኑ የተፈተነ ዘዴ ተጠቀሙ። ዘዴው ትናንት ስለሠራ ዛሬም ይሠራል ብለው አመኑ። ከእነዚህ ልጆች ብዙዎቹ የ19 እና የ20 ዓመት ወጣቶች ነበሩ። ሞኞች አልነበሩም። የጎደላቸው የኬሚስትሪ እውቀት ብቻ ነው።

ወደ ዋናው ጥያቄዎ ደረስን። ለምን አንዱ ታወረ፣ ሌላው ተረፈ?

ሜታኖል እንደተጠጣ ብዙ ጉዳት አያደርስም። መርዝ የሚያደርገው ጉበታችን ነው። በጉበት ውስጥ አልኮል የሚሰባብር ኢንዛይም አለ። ኤታኖል ሲመጣለት ሰውነት ወደሚችለው ነገር ይቀይረዋል። ሜታኖል ሲመጣለት ግን መጀመሪያ ወደ ፎርማልዴሃይድ፣ ቀጥሎ ወደ ፎርሚክ አሲድ ይቀይረዋል። ፎርሚክ አሲድ ሴሎች በኦክስጅን እንዳይጠቀሙ ያግዳል። ደም አሲድ ይሆናል። በዚህ ቶሎ ከሚጎዱት የሰውነት ክፍሎች አንዱ የዓይን ነርቭ ነው። ታማሚዎች ብዙ ጊዜ «በበረዶ ውሽንፍር ውስጥ ሆኜ የማይ ይመስለኛል» ይላሉ። ከዚያ ይጨልማል።

መጠኑ ትንሽ ነው። 10 ሚሊ ሊትር ንጹሕ ሜታኖል ዓይን ሊያጠፋ ይችላል። ከ30 ሚሊ ሊትር ጀምሮ ሊገድል ይችላል። ለምሳሌ ከመቶው 5 እጅ ሜታኖል የሆነ ነዳጅ ቢኖር 200 ሚሊ ሊትሩን የጠጣ ሰው 10 ሚሊ ሊትር ሜታኖል ወስዷል ማለት ነው። አንድ የውኃ ብርጭቆ መሆኑ ነው።

ግን ያ ሰው ከሜታኖሉ ጋር ብዙ ኤታኖልም ወስዷል። ኢንዛይሙ ደግሞ ኤታኖልን ከሜታኖል ከ10 እጥፍ በላይ ይመርጣል። ኤታኖል በደም ውስጥ እስካለ ድረስ ሜታኖሉን አይነካውም። ሜታኖሉ ሳይለወጥ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። በዚህ መሃል በትንፋሽና በሽንት ቀስ እያለ ትንሽ ትንሽ ይወጣል። ኤታኖሉ ሲያልቅ ኢንዛይሙ ወደ ሜታኖሉ ይዞራል። መመረዙ ያኔ ይጀምራል።

ብዙ ነገር የሚፈታው በዚህ ነው። በአንድ ጀሪካን ዙሪያ የተቀመጡ ሦስት ሰዎችን ያስቡ። አንዱ ሁለት ጉንጭ ብቻ ቀምሶ ሄደ። ሌላው ብዙ ጠጥቶ ተኛ። ሦስተኛው ያንኑ ያህል ጠጣ፤ በማግስቱ ደግሞ ከሌላ ቦታ ንጹሕ ውስኪ አግኝቶ ቀጠለ። የመጀመሪያው የወሰደው ሜታኖል ጥቂት ነው። የሁለተኛው ኤታኖል በእንቅልፍ ላይ እያለ አለቀ፤ ሜታኖሉ ሥራውን ጀመረ። የሦስተኛው ግን ሳያውቀው በውስኪው ታከመ። ሜታኖሉ በትንፋሽና በሽንት እንዲወጣ ጊዜ አገኘ። ከዚህ ላይ የሰውነት ክብደት፣ ከመጠጡ ጋር የተበላው ምግብና ፎሌት የሚባለው ቫይታሚን መጠን ይጨመራል። ፎሌት ፎርሚክ አሲዱን ለማስወገድ ይረዳል። ስለዚህ ከአንድ ዕቃ የጠጡ ሰዎች ዕጣ ቢለያይ ተአምር አይደለም።

የጊዜው ነገር ደግሞ ከሁሉም የከፋው ነው። የሜታኖል ምልክት ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከ12 እስከ 24 ሰዓት ቆይቶ ነው። ኤታኖል አብሮ ካለ ከዚያም ይዘገያል። ሰውየው ሌሊቱን ሞቅ ብሎት አደረ። ጠዋት ራሱን አመመው፤ አቅለሸለሸው። ሀንጎቨር ነው ብሎ ናቀው። ማታ ላይ ተረኛ ሆኖ ቆሞ ሳለ ዓይኑ ደበዘዘ። በዚህ ሰዓት ጀሪካኑ ተቀባብሎ አልቋል። ማንም «ይህን አትጠጡ» ብሎ ለማስጠንቀቅ አልደረሰም።

በዚህ ጉዳይ የራሴን አቋም በግልጽ ልናገር። ሰው እንዳይጠጣው ብሎ አልኮል ውስጥ ሜታኖል መጨመር ትክክል አልነበረም ብዬ አምናለሁ። የክሮቶን ዘይት ጭካኔ ነው፤ ግን በጥቂት ሰዓት ውስጥ ሆድን አናውጦ ሰውየውን ያስተምረዋል። ሁለተኛ አይነካውም፤ ጓደኞቹም ያያሉ። ሜታኖል ግን ዝም ብሎ ያስጠጣል። በጣዕምም በማሽተትም ከኤታኖል የሚለየው ሰው የለም ማለት ይቻላል። የሚቀጣው ደግሞ ከረፈደ በኋላ ነው፤ ቅጣቱም ዕውርነት ወይም ሞት ነው። በአሜሪካ የኢንዱስትሪ አልኮልን አበላሽቶ ከቀረጥ ነፃ መሸጥ በ1906 በሕግ ተፈቅዷል። በ1920ዎቹ፣ መጠጥ በተከለከለበት ዘመን፣ በዚህ መንገድ የተመረዘ አልኮል ብዙ ሰው መግደሉ በሰፊው ይታወቅ ነበር። ስለዚህ በ1940ዎቹ የሚያስከትለውን የማያውቅ ባለሥልጣን አልነበረም። እርግጥ ዛሬ ያለው አማራጭ ያኔ አልነበረም። ዴናቶኒየም የሚባለው እጅግ መራራ ቅመም የተገኘው በ1958 ነው። ጥቂቱ ብቻ ብዙ ሊትር አልኮል የማይቀመስ ያደርጋል፤ ማንንም አያሳውርም።

ነዳጅ የጠጡት ግን ከሁሉም ወታደር ጥቂቶቹ ናቸው። ሌላው ከየት አገኘ? መልሱ እንደ ሠራዊቱ ይለያያል።

በሕግ የሚሰጡ ሠራዊቶች ነበሩ። የእንግሊዝ ባሕር ኃይል ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ለመርከበኞቹ ሩም ይሰጥ ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን የቀኑ ድርሻ 71 ሚሊ ሊትር ያህል ነበር፤ ጥንካሬው ከ54 በመቶ በላይ። ለተራ መርከበኞች የሚሰጠው በውኃ ተበርዞ ነው። ምክንያቱ ብልህ ነው። የተበረዘ ሩም ቶሎ ጣዕሙ ስለሚበላሽ የብዙ ቀን ድርሻ አጠራቅሞ በአንድ ቀን መስከር አይቻልም። ይህ ልማድ እስከ ጁላይ 31 ቀን 1970 ቆየ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ፈረንሳዮች ለወታደሮቻቸው ወይን ይሰጡ ነበር። በ1914 በቀን ሩብ ሊትር ነበር፤ በ1916 ግማሽ ሊትር ሆነ፤ በ1918 ሦስት አራተኛ ሊትር ደረሰ። ሶቪየቶች በኦገስት 1941 ስታሊን በፈረሙት ውሳኔ ለግንባር ወታደር በቀን 100 ግራም ቮድካ ፈቀዱ። ደንቡ በኋላ ብዙ ጊዜ ተቀያይሯል። በ1942 መጨረሻ በካውካሰስ ግንባር ለነበሩት በቮድካው ፋንታ ወይን እንዲሰጥ ተደርጓል።

ይህን ሁሉ የማነሳው መጠጥ ለወታደር ይጠቅማል ለማለት አይደለም። አይጠቅምም። ብርድ ላይ የጠጣ ሰው የሞቀው ይመስለዋል እንጂ የቆዳው ደም ሥሮች ስለሚከፈቱ የበለጠ ሙቀት ያጣል። እንደ ሐኪም የማየው ሌላ ነገር ነው። ምንጩ የታወቀና የተለካ ድርሻ ያለው ሰው በርሜል ውስጥ ያለ ያልታወቀ ፈሳሽ ለመቅመስ ያለው ፍላጎት ይቀንሳል። ፍላጎቱ ይጠፋል አልልም። ሶቪየቶች ቮድካ እየተሰጣቸውም የተሽከርካሪ አንቲፍሪዝ ጠጥተው የሞቱ ነበሩ። አንቲፍሪዝ ውስጥ ያለው ኤቲሊን ግላይኮል ጣፋጭ ነው፤ ያሰክራልም። በሰውነት ውስጥ ወደ ኦግዛሊክ አሲድ ይለወጥና ከካልሲየም ጋር ተጣምሮ በኩላሊት ውስጥ ክሪስታል ይሠራል። ሰውየው ከጥቂት ቀናት በኋላ ሽንቱ ይቆማል።

የአሜሪካ ምድር ጦር ሁኔታ መሃል ላይ ነበር። ተራ ወታደር 3.2 በመቶ አልኮል ያለበት ቀላል ቢራ ይሸጥለታል። መኮንኖች የውስኪ ኮታ ነበራቸው። ይህ ልዩነት በወታደሮች ዘንድ ብዙ ቅሬታ አስነስቷል። ንግዱንም ያደራው እሱ ነው። በፓስፊክ ደሴቶች ውስኪ ከገንዘብ በላይ ይሠራ ነበር። የጃፓን ባንዲራ፣ ሰይፍ፣ የተሰረቀ እንጨት፣ አንዳንዴ ጂፕ ጭምር በጠርሙስ ይለወጥ ነበር። መንገድና አውሮፕላን ማረፊያ የሚሠሩት የባሕር ኃይል ግንባታ ሻለቃዎች ደግሞ የውሸት የጃፓን ባንዲራ እየሠሩ በመጠጥ ይለውጡ ነበር። የቦምብ ጣይ አውሮፕላን ሠራተኞች ከበረራ ሲመለሱ በሐኪም ፈቃድ አንድ አንድ መለኪያ ውስኪ ይሰጣቸው ነበር። በኡሊቲ ደሴቶች መሃል ሞግሞግ በምትባል ትንሽ ደሴት ከ1944 መጨረሻ ጀምሮ መርከበኞች እየወረዱ ያርፉባት ነበር። ለአንድ ሰው ሁለት ጣሳ ቢራ ይደርሰዋል፤ ብዙ ጊዜ ያልቀዘቀዘ። የማይጠጣው ሰው ድርሻውን ለሌላው ይሸጣል።

እንግሊዞች ቢራ ወደ ግንባር ለማድረስ ያደረጉት ጥረት ራሱን የቻለ ታሪክ ነው። በ1944 በፈረንሳይ ጠረፍ ኖርማንዲ ላይ ከወረዱ በኋላ የስፒትፋየር ተዋጊ አውሮፕላኖች ከእንግሊዝ ሲመለሱ ቢራ ይዘው ይመጡ ነበር። በመጀመሪያ በተጨማሪ የነዳጅ ታንክ ሞልተው አመጡት፤ ታንኩ ቢታጠብም ቢራው ብረት ብረት አለ። ኋላ በርሜሉን ራሱን ከክንፍ ሥር አሰሩት። ቸርችል ደግሞ በዚያው ዓመት መጨረሻ በሳምንት 4 ፓይንት ቢራ፣ ወደ 2.3 ሊትር ማለት ነው፣ ከኋላ ካሉት በፊት እሳት ውስጥ ላሉት እንዲደርስ አዘዋል። ሜኔስቲየስ የምትባል መርከብም በውስጧ የቢራ መጥመቂያ ተገጥሞላት ወደ ሩቅ ምሥራቅ እንድትሄድ ተዘጋጅታ ነበር። የባሕር ውኃ አጣርታ ቢራ ትጠምቃለች። ዝግጁ የሆነችው ግን ጦርነቱ ካለቀ በኋላ ነው።

ከዚህ ሁሉ የቀረው ሰው ራሱ ይጠምቃል። በፓስፊክ «የጫካ ጭማቂ» የሚሉት ይህንን ነው። ዘቢብ፣ የታሸገ ፍራፍሬ፣ ስኳርና ከኩሽና የተገኘ እርሾ በውኃ ጀሪካን ውስጥ ይደባለቃል። በደሴቶቹ ሙቀት በጥቂት ቀናት ይብላላል። በፊሊፒንስ ደግሞ ከኮኮናት ዛፍ ጭማቂ የሚገኘውን ቱባ ከነዋሪዎቹ ይገዙ ነበር።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተውን ልንገርዎ። ከስኳርና ከፍራፍሬ በእርሾ የተጠመቀ መጠጥ ዓይን አያጠፋም። በፍራፍሬ ልጣጭ ውስጥ ካለው ፔክቲን ትንሽ ሜታኖል ይፈጠራል፤ ግን እጅግ ጥቂት ነው። በሱቅ በሚሸጥ የወይን መጠጥም ውስጥ አለ። ከእሱ ጋር ያለው ኤታኖል ደግሞ በብዙ እጥፍ ይበልጠዋል። እርሾው ራሱ አልኮሉ ከ15 በመቶ አካባቢ ሲያልፍ መሥራት ያቆማል። ስለዚህ ወታደሩ ራሱ የጠመቀው አስቀያሚ፣ ጎምዛዛ፣ ሆድ የሚነፋ መጠጥ ከቶርፔዶ ነዳጅ እጅግ የተሻለ ነበር። ሰው የሚጎዳው ብዙውን ጊዜ በዕቃው ነው። ጎምዛዛ ጭማቂ በዚንክ በተለበጠ ባልዲ ውስጥ ሲቀመጥ ዚንኩን ያሟሟዋል፤ የጠጣው ሁሉ ያስመልሰዋል። ጋዙ መውጫ ካጣ ዕቃው ይፈነዳል። ከሁሉም የከፋው የመኪና ራዲያተርን ለማቀዝቀዣ መጠቀም ነው። የድሮ ራዲያተሮች የተበየዱት እርሳስ ባለበት ብረት ነው። እንፋሎቱ በዚያ ሲያልፍ እርሳስ ይዞ ይወርዳል። ውስጡ የቀረ አንቲፍሪዝ ካለም አብሮ ይመጣል። የእርሳስ ጉዳት ደግሞ በአንድ ሌሊት አይታይም፤ እየተጠራቀመ ነርቭንና ኩላሊትን ይበላል።

በአውሮፓ የዘመቱት በአንድ በኩል ዕድለኞች ነበሩ። ኖርማንዲ የፖም አገር ናት። ገበሬው ካልቫዶስ የሚባለውን የፖም አረቄ በየጓዳው ያወጣ ነበር። ከገበሬ እጅ የተገኘ ካልቫዶስ ያቃጥላል፤ ግን መጠጥ ነው። ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ከተማ ውስጥ ነበር። ወታደር ገንዘብ ይዞ ሲገባ የሐሰት ጠርሙስ ይበዛል። ልጥፉ የኮኛክ ነው፤ በውስጡ ያለው ግን ከፋብሪካ የወጣ አልኮል ሊሆን ይችላል። በጠላት አውሮፕላን ማረፊያ የተገኘ ታንክ ደግሞ ከዚህም የባሰ ነው። ሜ 163 የሚባለው የጀርመን ሮኬት አውሮፕላን ከሚጠቀምባቸው ሁለት ፈሳሾች አንዱ 57 በመቶ ሜታኖል ነበር፤ የቀረው አብዛኛው ሃይድራዚን ሃይድሬት ነው። ቪ-2 የሚባለው የጀርመን ሮኬት በአንጻሩ 75 በመቶ ኤታኖልና 25 በመቶ ውኃ ይሞላ ነበር። ሁለቱም «አልኮል» ናቸው። ታንኩን የከፈተ ወታደር የትኛው የትኛው እንደሆነ የሚያውቅበት መንገድ አልነበረውም።

«በእሳት ይፈተናል» የሚሉ አሉ። ሰማያዊ ከነደደ ይጠጣል፣ ቀይ ከሆነ አይጠጣም ይባላል። ምንም ዋጋ የለውም። ሜታኖልም በፈዛዛ ሰማያዊ ነበልባል ነው የሚነደው። ሲደባለቁ ደግሞ ዓይን ሊለያቸው አይችልም። የእሳት ፈተና ጥንት የሚያገለግለው ለሌላ ነገር ነበር። የድሮ መርከበኞች ሩሙን ባሩድ ላይ አፍስሰው ይለኩሱት ነበር። ባሩዱ ከነደደ ሩሙ ብዙ ውኃ አልተቀላቀለበትም ማለት ነው። የሚለካው ጥንካሬን ነው። መርዝን አይለካም።

ከዚያ በኋላ የመጡ ጦርነቶችን ባጭሩ ልለፋቸው። በኮሪያ ጦርነት መጀመሪያ ለአሜሪካ ወታደሮች ቢራ በነፃ ይሰጥ ነበር። አገር ቤት ያሉ የፀረ መጠጥ ማኅበራት ተቃውመው በ1950 ቀረ፤ ከዚያ በኋላ በግዢ ሆነ። ሶቪየቶች በአፍጋኒስታን ከየሱቁ ከዘቢብ የወጣ አረቄ ይገዙ ነበር። በኦገስት 1990 አሜሪካውያን ሳውዲ ዓረቢያ ሲገቡ የአገሩን ሕግ ለማክበር መጠጥ በትእዛዝ ተከለከለ። በኢራቅና በአፍጋኒስታንም ክልከላው ቀጠለ። ያኔ ቤተሰብ በአፍ መጉመጥመጫ ጠርሙስ ውስጥ ቀለም የተጨመረበት ቮድካ በፖስታ ይልክ ነበር። እንደ መርዝ ሐኪም ካየሁት፣ ከሁሉም የሕገ ወጥ መንገዶች የተሻለው ይህ ነው። ምንጩ የሱቅ መጠጥ ነውና።

ሕክምናውን ሳላነሳ ብቀር ጥያቄዎ ጎዶሎ ይሆናል። በ1940ዎቹ ኖርዌያዊው ሐኪም ኦሉፍ ሮ ስለ ሜታኖል መመረዝ ሰፊ ጥናት አሳተመ። የደሙን አሲድ በቤካርቦኔት ማስተካከል እንደሚጠቅም አሳየ። ኤታኖል ሜታኖልን እንደሚከላከልም ተመለከተ። በ1951 በአትላንታ ከተማ ሜታኖል የተቀላቀለበት አረቄ ተሸጦ በጥቂት ቀናት 323 ሰዎች ተመረዙ፤ 41 ሞቱ። ከዚያ የተጻፈው የሕክምና ዘገባ ለብዙ ዓመታት የሐኪሞች መማሪያ ሆነ። ዛሬ ፎሜፒዞል የሚባል መድኃኒት አለ። ያንኑ ኢንዛይም ያግዳል፤ አያሰክርም። በአሜሪካ ለሜታኖል መመረዝ የተፈቀደው በ2000 ነው። ውድ ስለሆነ በብዙ ቦታ አይገኝም። እሱ ከሌለ ሐኪሞች አሁንም ኤታኖል ራሱን እየለኩ ይሰጣሉ፤ ፎሌት ይጨምራሉ። ሜታኖሉንና ፎርሚክ አሲዱን ከደም ለማውጣት የኩላሊት እጥበት ማሽን ይጠቀማሉ። ይህ ሁሉ የሚሠራው በሽተኛው ቀድሞ ከደረሰ ነው። ያልታወቀ አልኮል የጠጣ ሰው በማግስቱ ዓይኔ ደበዘዘ፣ ሆዴን ቆረጠኝ፣ ትንፋሽ አጠረኝ ካለ አስተኝተው አይጠብቁት። በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ይውሰዱት፤ ከእሱ ጋር አብረው የጠጡትንም፣ ምንም አልሆንንም ቢሉ እንኳ፣ ይውሰዷቸው።